ሳጥን የደበቁትና ማግስቱን ያላሰቡት

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከስፔን ልገንጠል ስላለችው ክልል ስለ ካታሎኒያ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ሁለት ሰዎች ይዞራል፤ በ2017 የክልሉ ፕሬዚዳንት ወደነበረው ካርለስ ፑጅዴሞንና ወደ ምክትሉ ኦሪዮል ጁንኬራስ። አንዱ ሸሸ፣ አንዱ ታሰረ። ከዚያ ማን ጀግና፣ ማን ፈሪ እያልን እናመሻለን። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሁለቱም ማግስቱን ሳያሰናዱ ሕዝብ አሰልፈዋል። (የምጠራቸው ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካታላኖች ቅሬታ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። የ2006ቱ የካታሎኒያ የራስ አስተዳደር ሕግ በሕዝበ ውሳኔ ጸድቆ ነበር። በ2010 የስፔን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት 14 አንቀጾቹን ሻረ። ባርሴሎና በሰልፈኛ ተጥለቀለቀች፤ ማድሪድ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እኛ አገር ወደድነውም ጠላነውም አንቀጽ 39 አለ። የስፔን ሕገ መንግሥት ግን የአገሪቱ አንድነት አይነካም ብሎ በሩን ዘግቶታል።

እኔን የሚገርመኝ የሳጥኖቹ ነገር ነው። በ2017 ካታሎኒያ ነፃ ትውጣ ወይስ አትውጣ የሚል፣ የስፔን ፍርድ ቤት ያገደው ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ። የድምፅ መስጫ ሳጥኖቹ ከቻይና ተገዝተው በፈረንሳይ በኩል ገቡ። ተራ ሰዎች በየቤታቸው ሸሸጓቸው። የስፔን ፖሊስ ቢያስስ ቢያስስ አጣቸው። ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ማለዳ ሳጥኖቹ በየትምህርት ቤቱ ተደርድረው ተገኙ። ፖሊስ በዱላ ገባ፤ አሮጊት እንኳ አልተረፈችም። ይህን ማድሪድ በምንም ቃል ልታሳምረው አትችልም። ድምፅ ከሰጠው 90 በመቶው «ነፃነት» አለ። የመጣው መራጭ ግን 43 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ሰው ካታላን አይደለም እንዴ?

ምስጢር እንዲህ የሚጠብቅ ሕዝብ ምን መሪ አገኘ? ኦክቶበር 10 ሕዝቡ ባርሴሎና አደባባይ በትልቅ ስክሪን ፑጅዴሞንን ይከታተላል። ነፃ መንግሥት የመመሥረት አደራውን ተቀብያለሁ ሲል ሰው ተቃቀፈ። ከ8 ሴኮንድ በኋላ ለድርድር ሲባል ይቆይልን አለ። ጭብጨባው እጅ ላይ ደረቀ።

ኦክቶበር 26 ደግሞ ነፃነት ከማወጅ ይልቅ የክልሉን ምክር ቤት ምርጫ ልጥራ ብሎ ነበር። በእኔ እምነት ከሁሉ የተሻለው ሐሳቡ እሱ ነበር። ደጅ ላይ «ከሃዲ» ተባለ። የጁንኬራስ ፓርቲ ሰው ገብርኤል ሩፊያን ትዊተር ላይ «155 የብር ሳንቲሞች» ብሎ ጻፈ። የይሁዳን 30 ብርና ማድሪድ ክልሉን ልትረከብበት የነበረውን አንቀጽ 155 አጋብቶ ነው። ስድቡ ሠራ። ፑጅዴሞን ሐሳቡን ለወጠ።

በማግስቱ ከ135 የምክር ቤት መቀመጫዎች 70ው በምስጢር ድምፅ ነፃነትን ደገፉ። የስፔን ባንዲራ ግን ከመንግሥቱ ሕንፃ አልወረደም። አገር አወጅን ብሎ የሌላውን ባንዲራ እንደተሰቀለ የሚተው መንግሥት፣ ነገሩን ራሱም አላመነውም ማለት ነው። ሰኞ ፑጅዴሞን ብራስልስ ተገኘ። ጁንኬራስ አገሩ ቀርቶ ወኅኒ ወረደ፤ በ2019 ደግሞ 13 ዓመት ተፈረደበት። ይቅርታ ያገኘው በ2021 ነው። ለቆየ ሰው ክብር አለኝ። መታሰር ግን የመንግሥት ዕቅድ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ሰዎች ፓርቲዎች እርስ በርስ ተናከሱ። በ2022 የፑጅዴሞን ፓርቲ ከክልሉ ጥምር መንግሥት ወጣ። በሜይ 2024ቱ ምርጫ ደግሞ የነፃነት ፓርቲዎቹ አብላጫውን አጡ፤ ሶሻሊስቱ ሳልቫዶር ኢያ ክልሉን ተረከበ። በዚያው ዓመት ለነፃነት ንቅናቄው ተከሳሾች የምሕረት አዋጅ ወጥቶም ፑጅዴሞን ላይ የነበረው የእስር ትዕዛዝ ያኔ አልተነሳም ነበር። በኦገስት ባርሴሎና ብቅ ብሎ ንግግር አድርጎ ከፖሊስ ዓይን ተሰወረ። ደጋፊው ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

«በሩ ተዘግቶ ምን ያድርጉ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ኦክቶበር 26 ምርጫውን ይጥሩ ነበር እላለሁ። የማትስማሙ ካላችሁ፣ ማይኩ ይኸው።