የኪሞን አሬቱሳ፦ አፍንጫው ለምን ቀድሞ ይጠፋል?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የአቴንስ ሳንቲም ላይ ያለችውን ወፍ፣ ጉጉቷን፣ አላነሳም፤ ደጋፊዎቿ ለአንድ ቀን ታገሱኝ። ሲሲሊ ደሴት፣ ሰራኩስ ነን፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ሦስት ቀን የተቀመጠባት። የሳንቲም ማተሚያ ቀራጩ የኪሞን ነገር አሁንም አልተዋጠልኝም።

አሬቱሳን ታውቋታላችሁ፤ በግሪክ አፈ ታሪክ ኒምፍ (የምንጭ መንፈስ) ናት፤ አልፌዮስ የሚባለው ወንዝ ሲያሳድዳት አርጤምስ የተባለችው አምላክ ውኃ ያደረገቻት፣ ከፔሎፖኔዝ በባሕር ሥር ሾልካ የሰራኩስ ደሴት በሆነችው ኦርቲጊያ ላይ የፈለቀችው። ሰራኩሶች የብር ሳንቲማቸው ላይ በጎን ነበር የሚቀርጿት። የምትሸሽ ሴት በጎን ብትታይ ያስኬዳል። ኪሞን ግን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ406 ገደማ፣ ፊቷን ወደ እኛ አዞረው። ዶልፊኖቹም ጸጉሯ ውስጥ ገቡ።

እስቲ ሳንቲሙ የሚታተምበትን ምት ቀስ ብለን እንየው። 17.2 ግራም ገደማ የሚመዝን የብር ቁራጭ ይግላል። የፊቷ ማተሚያ ከታች መስፉ ላይ ተተክሏል፤ ባለ አራት ፈረስ ሠረገላው ያለበት ከላይ በእጅ ይያዛል። መዶሻ። እዚህ ላይ ቁሙ። ማተሚያ ግልባጭ ነው፤ ሳንቲሙ ላይ ከሁሉ ከፍ የሚለው አፍንጫ፣ እዚያ ከሁሉ የጠለቀው ጉድጓድ ነው። ብሩ በደንብ ካልጋለ ወይም ምቱ ከላላ ታች ድረስ አይወርድም፤ ጸጉሩ ጥርት ብሎ አፍንጫው ድፍጥጥ ይላል። ልድገመው ሲባል ቁራጩ ከተንሸራተተ ደግሞ ጥንድ ከንፈር። እሺ፣ አምሮ ወጣ እንበል። ገበያ ሲገባ እጅና ከረጢት ቀድሞ የሚፍቀው ያንኑ አፍንጫ ነው!

ስለዚህ አፍንጫ የሌላት ስታዩ ወዲያው "አርጅታለች" አትበሉ። የጸጉሯ ቀጫጭን መስመሮች ስል ከሆኑ የላላው ምቱ ነው፤ እነሱም ከለሰለሱ፣ አዎ፣ እጅ በልቷታል።

ኪሞን ይህ ጠፍቶት ነው? አይመስለኝም። ስሙን እኮ ግንባሯ ላይ፣ ጥብጣቡ ላይ ጽፏል። ችሎታ ማሳየት ይሆናል። ግን የቴሳሊያዋ ከተማ ላሪሳ ለራሷ ኒምፍ ያንኑ ፊት፣ ከነችግሩ፣ ገለበጠችው። ፋሽን ነው መቼም... እንጃ።

አልፌዮስስ? በባሕር ሥር ተከትሏት ምንጩ ውስጥ ደርሷል የሚሉ አሉ፤ ኦሎምፒያ ላይ ወንዙ ውስጥ የተጣለ ጽዋ ኦርቲጊያ ወጣ እስከማለት። የጥንቱ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን አልተቀበለውም፤ ወንዙ በግልጽ ባሕር ይገባል፣ የሚውጠው ጉድጓድ የለም ብሎ። እሱ ልክ ከሆነ አምልጣለች። ካልሆነ ግን ፊቷን ያዞረችው ወደ... አይ፣ ፊት ለፊት የተቀረጸ ሁሉ አንድን ሰው ያያል ማለትም አይደለም። የመቄዶንያዋ ከተማ ኔያፖሊስ ሳንቲም ላይ ያለችው ጎርጎን፣ ያቺ አስፈሪ የአፈ ታሪክ ጭራቅ፣ ከኪሞን በፊት ነው ምላሷን አውጥታ ስታፈጥ የኖረችው፤ እሷ ደግሞ ማንን ነው...