የሽጉጥ ሕግ ሪችመንድ ላይ እንዴት ይወጣል? በር የሚያንኳኩት ሰዎች ታሪክ

(ምስል፦ የ14ኛው ስትሪት ድልድይ፣ የእሁድ ከሰዓት ትራፊክ)

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ባለሱቅ እንውሰድ። ማታ ማታ ሱቁን ዘግቶ ብር ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሽጉጥ በልብሱ ስር ይዞ የሚንቀሳቀስበት ፈቃድ አውጥቷል። እሁድ ዘመድ ሊጠይቅ ሜሪላንድ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ይነዳል። ድልድዩን ሲሻገር ግን ያ ፈቃድ ዋጋ የለውም። ዲሲ የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም። ሜሪላንድም አትቀበልም። ሽጉጡ ጥይት ጎርሶ ወገቡ ላይ ካለ፣ ከቤቱ ሲነሳ ሕግ አክባሪ የነበረው ሰው ወንዙን ሲሻገር ወንጀለኛ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ሕጉ በዋናነት በየስቴቱ ስለሚወጣ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 በኒውዮርክ ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ መሣሪያ የመያዝ መብት ከቤት ውጭም ይሠራል ብሏል። ዝርዝሩ ግን አሁንም የስቴቶቹ ነው። ማን ይያዝ? በስንት ዓመቱ? ምን ሥልጠና ወስዶ? የት የት ይዞ አይግባ? እስከ 2024 ድረስ 29 ስቴቶች ያለ ምንም ፈቃድ ሽጉጥ ደብቆ መያዝን ፈቅደዋል። ቨርጂኒያ ከነዚህ ውስጥ አልነበረችም።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቨርጂኒያ ነው። አንደኛ፣ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት እዚያ ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ። ሁለተኛ፣ ተራ ነዋሪ ሕግ አውጪውን እንዴት እንደሚወተውት ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

(ምስል፦ የኮንግረስ ሕንፃ፣ ከዚያ የሪችመንድ ካፒቶል)

ውትወታ ለማኅበረሰባችን እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የሚያወሳው ውሳኔ፣ ኤች አር 128፣ በ2018 የአሜሪካን የታችኛውን ምክር ቤት እስኪያልፍ ድረስ ስንት ሰው ስልክ ሲደውል፣ ስንት ሰው ቢሮ ለቢሮ ሲዞር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሥራ ቀርተው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ግን እዚያው ሰፈር የሚኖረውን ሰው፣ በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ የሚወክልህ ደሊጌት (የስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት አባል) ማነው ብላችሁ ብትጠይቁት አብዛኛው አያውቅም። ይሄ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ስለ ሱቁ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት፣ ጎረቤቱ ወገቡ ላይ ስለሚይዘው ሽጉጥ የሚወስነው ያ የማያውቀው ሰው ነው።

የቨርጂኒያ ምክር ቤት 100 ደሊጌቶችና 40 ሴናተሮች አሉት። የሙሉ ጊዜ ሥራቸው አይደለም። አንዱ ጠበቃ ነው፣ አንዷ አስተማሪ ናት፣ ሌላው ነጋዴ ነው። ደመወዛቸው ለረጅም ዓመታት ለደሊጌት በዓመት 17,640 ዶላር ነበር። ጉባኤው ጥር ላይ ይጀመራል። በጥንድ ቁጥር ዓመት 60 ቀን፣ በጎዶሎ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ 46 ቀን ይቆያል። አንድ ደሊጌት የሚወክለው በግምት 86,000 ሰው ነው። የኮንግረስ አባል ከ700,000 በላይ ሰው ይወክላል። ልዩነቱ ይታያችሁ። ደሊጌቱን ሱፐርማርኬት ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል ለሚል ደግሞ የኒውፖርት ኒውስን ታሪክ ልንገራችሁ። በ2017 ምርጫ ዴቪድ ያንሲና ሼሊ ሳይመንድስ እያንዳንዳቸው 11,608 ድምፅ አገኙ። እኩል ለእኩል። ሕጉ ዕጣ ይውጣ ይላል። ጥር 4 ቀን 2018 ሁለቱ ስሞች በየወረቀቱ ተጻፉ፣ የድሮ የካሜራ ፊልም መያዣ ውስጥ ገቡ፣ በሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ተደረጉ፣ አንዱ ተሳበ። ያንሲ ወጣ። በዚያች ወረቀት ሪፐብሊካኖች የደሊጌቶቹን ምክር ቤት 51 ለ49 ያዙ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የሽጉጥ ቁጥጥር ረቂቆች በሙሉ የገጠማቸው ይህ የ51 ለ49 ግድግዳ ነው። አንድ ቤተሰብ ተነስቶ ቢመርጥ ኖሮ ዕጣ አያስፈልግም ነበር።

(ምስል፦ ብርቱካናማ ክብ ስቲከር ደረታቸው ላይ የለጠፉ ሰዎች በካፒቶል ደረጃ ላይ)

አሁን ወደ ሰዎቹ። ቨርጂኒያ ሲቲዝንስ ዲፌንስ ሊግ የሚባል፣ መሣሪያ ለመያዝ መብት የሚሟገት ማኅበር አለ። ከትልቁ ብሔራዊ ማኅበር፣ ከኤንአርኤ የተለየ ነው። በየዓመቱ ጥር ውስጥ፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ሰኞ፣ አባላቱን ይዞ ሪችመንድ ይወርዳል። ቀኑ በብልሃት የተመረጠ ነው። ሠራተኛው ሥራ የለውም፤ ምክር ቤቱ ግን ጉባኤ ላይ ነው። ከሩቅ ካውንቲ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ደረታቸው ላይ «ሽጉጥ ሕይወት ያድናል» የሚል ብርቱካናማ ስቲከር አለ። በቡድን ይከፋፈሉና ቢሮ ለቢሮ ይዞራሉ። ደሊጌቱ ከሌለ ረዳቱን ያነጋግራሉ። በአዳራሹ ኮሪደር ያ ብርቱካናማ ቀለም በየአቅጣጫው ሲታይ፣ ሕግ አውጪው ስንት እንደሆኑ ሳይቆጥር ይገባዋል።

ውጤት አመጣላቸው ወይ? የሬስቶራንቱን ሕግ እዩ። ከ2010 በፊት የፈቃድ ባለቤት አልኮል ወደሚሸጥ ሬስቶራንት ሽጉጥ ደብቆ መግባት አይችልም ነበር። በግልጽ አንጠልጥሎ መግባት ግን ይችል ነበር። ስለዚህ ሰውዬው በሩ ላይ ሲደርስ ጃኬቱን ገልጦ ሽጉጡን ለሁሉም ማሳየት ነበረበት። ሲወጣ መልሶ ይሸፍነዋል። ይህንን አንድ ነገር ይዘው ዓመት ከዓመት ተመላለሱ። ምክር ቤቱ አሳለፈ፣ ገቨርነር ቲም ኬን ቬቶ አደረጉ። ደግመው መጡ፣ አሁንም ቬቶ። በ2010 ቦብ ማክዶኔል ገቨርነር ሲሆኑ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ባለፈቃዱ ደብቆ ይገባል፤ አልኮል ግን መጠጣት አይችልም። ባለቤቱ ሽጉጥ አልፈልግም ብሎ ማስታወቂያ ከለጠፈ ደግሞ መግባት አይችልም። ሬስቶራንት ያላችሁ ይህችን ያዙ።

ልብ በሉ፣ ያመጡት ጥያቄ አንድ ነበር። ግልጽ ነበር። በአንድ ደቂቃ ይነገራል። «መብታችን ይከበር» ብለው አልሄዱም፤ «ይህ አንቀጽ ይቀየር» ብለው ነው የሄዱት።

(ምስል፦ በቨርጂኒያ ቴክ የመታሰቢያ ድንጋዮች)

በሌላው ወገን ያሉት ሰዎች መንገድ የበለጠ ረዝሟል። ሚያዝያ 16 ቀን 2007 በቨርጂኒያ ቴክ 32 ሰዎች ተገደሉ። በቀጣዩ ጥር የሟች ቤተሰቦች ሪችመንድ ሄዱ። የጠየቁት በጠመንጃ መሸጫ ትርዒት ላይ ከግለሰብ የሚገዛ ሰውም የወንጀል ታሪኩ እንዲጣራ ነበር። ኮሚቴው ጣለው። በዚያ ሐዘን ላይ። በዓመቱ ተመለሱ። በዓመቱ ተመለሱ። በዓሉ ሰኞ ላይ፣ ብርቱካናማዎቹ ባሉበት ሰዓት፣ እነሱም በካፒቶሉ ግቢ የሞቱትን ያስቡ ነበር። በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ከደረሰው ግድያ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2012፣ ሻነን ዋትስ የምትባል የኢንዲያና እናት በፌስቡክ የጀመረችው የእናቶች እንቅስቃሴ ሲመጣ፣ ቀይ ቲሸርት የለበሱ ሴቶች ኮሚቴ ክፍል መሙላት ጀመሩ።

ከዚያ 2019 መጣ። ግንቦት 31 ቀን ቨርጂኒያ ቢች ላይ አንድ የከተማው ሠራተኛ 12 ሰው ገደለ። ገቨርነር ራልፍ ኖርተም ልዩ ጉባኤ ጠሩ። ሐምሌ 9 ቀን ምክር ቤቱ ተሰበሰበና ያለ ክርክር በ90 ደቂቃ ገደማ ተበተነ። ኅዳር ላይ መራጩ መልስ ሰጠ፤ ዲሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ጥር 20 ቀን 2020፣ በዚያ ብርድ፣ የቁጥጥር ሕጎቹን ለመቃወም ወደ 22,000 የሚጠጋ ሰው ሪችመንድ ገባ። ገቨርነሩ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው ግቢው ውስጥ መሣሪያ ስለከለከሉ 6,000 ያህሉ ያለ መሣሪያ ገቡ፣ 16,000 ያህሉ ጠመንጃቸውን እንደያዙ ውጭ ቆሙ። የዓለም ካሜራ ሁሉ እዚያ ነበር። የተጎጂ ቤተሰቦችና ደጋፊዎቻቸው ለደኅንነት ፈርተው የዓመቱን መታሰቢያ ሰረዙ። አንድ ወገን መሣሪያ ይዞ ሲመጣ ሌላው ወገን ድምፁን ለማሰማት ከፈራ፣ ያ ለሁላችንም ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ መሃል መስፈር አልችልም። ቀኑ ግን በሰላም አለፈ፤ የታሰረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መሣሪያ በካፒቶሉ ግቢ በሕግ ተከለከለ።

ያ ሁሉ ሕዝብ ምን አተረፈ? በዚያው ክረምት አብዛኞቹ የቁጥጥር ሕጎች አለፉ። የሽያጭ ማጣራቱ አለፈ፤ የቨርጂኒያ ቴክ ቤተሰቦች መጀመሪያ ከጠየቁ 12 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በወር ከአንድ በላይ የእጅ ሽጉጥ መግዛትን የሚከለክለው አሮጌ ሕግ ተመለሰ። ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ የሚያስፈልገው ሥልጠናም ከጥር 2021 ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ የሚያልቅ መሆኑ ቀረ። በአካል መገኘት ግድ ሆነ። ይህኛው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተኩሶ የማያውቅ ሰው ቪዲዮ አይቶ ፈቃድ ማግኘት የለበትም።

ትልቁ ረቂቅ ግን፣ ወታደራዊ ቅርፅ ያላቸውን ጠመንጃዎች የሚከለክለው፣ የካቲት 17 ቀን በሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ 10 ለ5 ወደ ሌላ ዓመት ተገፋ። ከሪፐብሊካኖቹ ጋር አራት ዲሞክራቶች ነበሩ። ያስቆመው ሰልፉ ነው አልልም። ግን ያንን ኮሚቴ እዩት። 15 ሰው ነው። የ22,000ው ሰልፍ ዜና ሆነ፤ የረቂቁን ዕጣ የወሰኑት 15 ሰዎች ናቸው።

(ምስል፦ ትንሽ የኮሚቴ ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ማይክሮፎን)

ሥራው ያለው እዚህ ነው። አንድ ረቂቅ መጀመሪያ ቁጥር ያገኛል። ከዚያ ወደ ኮሚቴ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ንዑስ ኮሚቴ ይመራል። ንዑስ ኮሚቴ ማለት ጥቂት ሰዎች፣ አንዳንዴ በማለዳ፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ። በ2019 ከደርዘን በላይ የቁጥጥር ረቂቆች በአንድ ቀን እንደዚያ ባለ ንዑስ ኮሚቴ ወደቁ። መናገር ለሚፈልግ ሰው የሚሰጠው አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ከርቀት በቪዲዮ መናገርም ከወረርሽኙ ወዲህ ተለምዷል። ከአሌክሳንድሪያ ሪችመንድ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ይህ ለሠራተኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ማታ ማታ ብቻውን ሱቅ የሚዘጋ ሰው ፈቃዱ እንዲከብድበት አይፈልግ ይሆናል። ያ የሚሰማ ጉዳይ ነው። ልጇን ትምህርት ቤት የምትልክ እናት ደግሞ ሽጉጥ የበዛበት ሰፈር ያስፈራታል። ያም የሚሰማ ጉዳይ ነው። ዜግነት የሌለው ሰውም ይመለከተዋል፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው 21 ዓመት ከሞላውና ሌላውን መስፈርት ካሟላ ለሰርኪዩት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ፈቃዱ አምስት ዓመት ይቆያል። ከ1995 በፊት እኮ ዳኛው «ምን ያስፈልግሃል?» ብሎ መመለስ ይችል ነበር። ያንን ሥልጣን ከዳኛው ላይ የወሰደው ሕግም እንደሌሎቹ ሁሉ በኮሚቴ አልፎ ነው የመጣው።

እንዴት ትጀምራላችሁ? የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን ስታስገቡ የደሊጌታችሁና የሴናተራችሁ ስም ይወጣል። ነፃ ነው። የረቂቁን ቁጥር ያዙ። ስትደውሉ መጀመሪያ የምትናገሩት «እርስዎ በሚወክሉት አካባቢ ነው የምኖረው» የሚለውን ነው፤ የአድራሻ ዚፕ ኮዳችሁን ጨምሩበት። ከዚያ ቁጥሩን፣ ደግፉ ወይም ተቃወሙ የሚለውን፣ ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ምክንያት። በቃ። ሁሉም ሰው የሚልከውን አንድ ዓይነት ኢሜይል ረዳቶቹ ቆጥረው ያልፉታል። በራሳችሁ ቃል የተጻፈች አራት መስመር ግን ትነበባለች። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትቅሩ፤ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ማን ምን እንዳለ እዚያው ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ለደገፋችሁ ሰው አመስግናችሁ ጻፉ። ላልደገፋችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ጉባኤው የሚከፈተው በጥር ሁለተኛው ረቡዕ ነው። ረቂቆች ግን ከዚያ ቀድመው መመዝገብ ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ደሊጌታችሁን እዚያው ሰፈራችሁ፣ ሳይጣደፍ ለማግኘት የሚሻለው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው።