መሬቱንስ ማን ለካው?

እንደምን አመሻችሁ! አጭር ነው ንግግሬ፣ ስልካችሁን ባታስቀምጡም አልቀየምም።

የባሕር ዳርቻ አገሮች ጉዳይ ሲነሳ ሁሌ የምንሰማው ባሕሩ ስንት ሴንቲሜትር ጨመረ የሚለውን ነው። መሬቱስ? እሱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የቬትናሙን ሜኮንግ ደልታ፣ ማለትም የሜኮንግ ወንዝ ባሕር የሚገባበትን ዝቅተኛ ሜዳ፣ እንይ። ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል፣ ከአገሪቱ ሩዝ ግማሽ ያህሉን የሚያመርተውም እሱ ነው። ብዙዎች ሲተማመኑበት የኖሩት ከጠፈር የተነሳ ካርታ፣ ደልታው ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2.6 ሜትር ገደማ ነው ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ግን መሬት ላይ በተለካ ከፍታ አስልቶ 0.8 ሜትር ገደማ ነው አለ። ወገብ እንኳ አይደርስም እኮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ 80 በመቶ የሚሆነውን የብስ በራዳር ለካች። ትልቅ ሥራ ነው፣ ካርታውም በነፃ ይገኛል፤ ገንዘብ የሌለው አገር ሌላ ምን ይጠቀም? ራዳሩ ግን ጣራውንም የዛፍ ጫፉንም መሬት ብሎ ይመዘግባል። ተራራ ላይ ሁለት ሜትር ቢሳሳት ማን ልብ ይለዋል? ደልታው ላይ ግን ሁለት ሜትር ማለት ቤት መትረፍና አለመትረፍ ነው። የካርታው ዜሮም፣ ማለትም ከፍታ መቁጠር የሚጀምርበት ደረጃ፣ ከአካባቢው ባሕር ዜሮ ጋር አይገጥምም። በዚያ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ በተሳበ ቁጥር አፈሩ ይጠቀጠቅና መሬቱ ይሰምጣል፤ የኢንዶኔዢያዋ ጃካርታም ያለችው በዚሁ ጣጣ ውስጥ ነው።

ባሕሩን የሚለካው መሣሪያስ? አንዱ ዓይነት በጣም ተራ ነገር ነው፦ ወደብ ዳር የቆመ ቱቦ፣ ከታች ትንሽ ቀዳዳ፣ ውስጡ ተንሳፋፊ። ቀዳዳው የጠበበው ማዕበል እንዳይረብሸው ነው። ታዲያ የባሕር ፍጥረታት ይለጠፉበትና ይደፍኑታል። የሚያጸዳው ካጣ ቁጥሩ መምጣቱን አያቆምም፣ የተሳሳተ ቁጥር መላኩን ይቀጥላል፤ ለእኔ ይሄ ጭራሽ መረጃ ከማጣት ይብሳል። አጠገቡ ጂፒኤስ ካልተተከለ ደግሞ ባሕሩ ይውጣ መሬቱ ይውረድ አይለይም።

የእርዳታ ገንዘብ ግን መሣሪያ መግዛት ነው የሚወደው። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዓመታት በኋላ ለሚያጸዳው ሰውዬ በጀት የለም! እኔን ካላችሁኝ መሣሪያው ገና ሲገዛ የሚያጸዳው ሰው የዓመታት ደመወዝ አብሮ ይያዝ፣ ቀያሹም እየተመለሰ ይለካ፣ ቁጥሩም ቢሮ ውስጥ አይቆለፍበት፤ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ይዩት፣ ያለፈው ጎርፍ የቱ ግድግዳ ጋ እንደደረሰ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ጥያቄ ካለ እሰማለሁ። በተለይ ቀያሾች፣ ዝም እንዳትሉኝ።