ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ አጭር ልቦለዴን ሰው ፊት አነበብኩ። ሰፈራችን ባለች አንዲት ካፌ፣ በወር አንዴ በሚደረግ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ።

አዲስ አበባ ውስጥ መድረኩ የገጣሚ ነው። ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ የታደመ ያውቀዋል፤ ገጣሚው ትንፋሽ ሲያጥረው ሳክስፎኑ ይደርስለታል። ለእኔ የደረሰልኝ የማኪያቶ ማሽን ነው። ያውም ታሪኩ ጡዘቱ ላይ ሲደርስ። ፍሽሽሽ! ቆሜ ጠበቅኩት፣ ምን ላድርግ።

ቤት ስለማመድ በዓይኔ ነበር ያነበብኩት። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት እንዳይስቅብኝ ብዬ። በዓይኔ 8 ደቂቃ የፈጀው ታሪክ በአፌ 17 ሆነ። መድረክ መሪው ሰዓቱን አየ፣ እኔም አላየሁም አልኩ።

ዋናው ጉድ ግን መጨረሻው ላይ ነው። አባት ነው፤ ልጁ ተሰዶ ድምፁ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስልክ ይጮኻል። ያነሳል። ያዳምጣል። ከዚያ፣ ያለ ትምህርተ ጥቅስ፦ ልጄ አለ። አለቀ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም አይደል? ካላላችሁት አባትየው «ልጄ» ብሎ ጮኸ ማለት ነው፤ መርዶ ነው። ካጠበቃችሁት ልጁ በሕይወት አለ። አንባቢ ይምረጥ ብዬ፣ በዚህች ቃል ስኮራ ነው የኖርኩት። አፍ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አይልም! ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ስሰማ፣ ተራኪው ለስንት ቃል እየወሰነልኝ እንደነበር አንዴም አስቤው አላውቅም።

ቃሏ ጋ ስደርስ ቀና አልኩ። ፊት ለፊቴ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል።

አጠበቅኩት።

«ተመስገን!» አሉ፣ ጮክ ብለው። ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ ተጨበጨበ።

ስወጣ አንድ ልጅ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ታሪኩን ቴሌግራም ላይ አንብቦታል። «እኔ ሳነበው እኮ ሞቷል! ለምን አጠበቅኸው?» አለኝ፣ ከምሩ ተቀይሞ።

«እናትየዋን አላየሃቸውም?»

«እሳቸው ምን አገባቸው?»

የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመንም አልተስማማንም።