ልጄን አተኮሳት፤ ላስቀራት ወይስ ልላካት?

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንደምን ከረማችሁ? ከደሴ ነው የማወራችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ውጪ ጉሙ ወርዷል፤ የጦሳ ተራራ ከነጭራሹ አይታይም። መሀል ላይ የባጃጅ ድምፅ ከገባ ይቅር በሉኝ።

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት በኮሮና ጊዜ ብዙ ወላጅ ያስጨነቀ ጉዳይ ነው። ልጅ ሲያመው ምን ይደረግ? ቤት ይዋል? ትምህርት ቤት ይሂድ? ጤና ጣቢያ ይወሰድ ወይስ እዚያ ሌላ በሽታ ይዞ ይመለሳል? ያ ጊዜ እኮ አለፈ ትሉኝ ይሆናል። ጉንፋኑ ግን በየዓመቱ አለ። ወረርሽኝም ነገ ሌላ ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ልጅ ሌሊት ሲያተኩስ ደግሞ ሰው ቁጭ ብሎ ማሰብ አይችልም። ስለዚህ ደህና በሆንበት ቀን ብናወራው ይሻላል።

ታስታውሳላችሁ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። እስከ ጥቅምት 2013 ልጆቻችን ቤት ነበሩ። ያኔ ላስቀር ወይስ ልላክ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ቀርቷል። ጭንቀቱ የመጣው ትምህርት ቤት ቀስ በቀስ፣ በፈረቃ መከፈት ሲጀምር ነው። ማስክ አድርጎ የገባ ልጅ አንድ ጊዜ ካሳለ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየዋል። እናቱም በስልክ ትጠራለች።

እኔ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የማምነው አንድ ነገር አለ። እዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ውሳኔዎች ናቸው የሚደባለቁት። አንደኛው የታመመን ልጅ ከሰው ማራቅ ነው። ሁለተኛው የታመመን ልጅ ከሐኪም ማራቅ ነው። የመጀመሪያውን ያለ ብዙ ክርክር አድርጉት። ሁለተኛውን ግን አደራ። ፍርሃት ሲመጣ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚያመጣቸው፤ በር ዘግቶ መቀመጥ ብቻ መፍትሔ ይመስላል።

የኔ ልጅ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ ኬጂ ገብታለች። አንድ ማታ እራት አልበላም አለች። ግንባሯን ስነካው ይፋጃል። ትንሽ ቆይቶ ሳሉ ተከተለ። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ቤት ውስጥ ደግሞ አማቴ አሉ፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ጎረቤቴ ድምፁን ሰምታ በር ላይ ቆመች። «አብሽሪ፣ ጉንፋን ነው» አለችኝ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጤና ጣቢያ እንዳትሄጂ ብቻ፤ ቦሩ ሜዳ ነው የሚወስዷችሁ» አለች።

ለኛ አዝና ነው ያለችው፤ ይህን በደንብ አውቃለሁ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያኔ የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሆኖ ነበር። ለዓይንና ለቆዳ ሕመም ስንት ዘመን የወሎ ሰው ተስፋ አድርጎ ሲሄድበት የኖረ ቦታ፣ በዚያ ዓመት ስሙ ሲጠራ ሰው ይደነግጥ ጀመር። እዚያ ውስጥ ሌት ተቀን የለፉትን ባለሙያዎች ሳስብ ይህ ነገር እስካሁን ያሳዝነኛል። ደግሞ በሽታውን ብቻ አልነበረም የምንፈራው። ግቢው ምን ይላል? ቡና የሚጠራን ይኖራል? አከራይዋ ምን ትለናለች? ብዙ እናት ልጇን ይዛ ቤት የተቀመጠችው ይህን ፈርታ ነው።

ያን ሌሊት ያረጋጋኝ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቀደም ብላ ያሳየችኝ ነገር ነው። ትንፋሽ መቁጠር። ልጅቷ እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠበቅሁ፤ ልጅ እያለቀሰ ከተቆጠረ ልክ አይመጣም። ሹራቧን እስከ ደረቷ ገለጥ አደረግሁ። ስልኬ ላይ አንድ ደቂቃ ሞላሁ። ሆዷ ከፍ ሲል አንድ፣ ከፍ ሲል ሁለት እያልኩ ደቂቃው እስኪያልቅ ቆጠርኩ። በግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፤ የልጅ ትንፋሽ ወጥ አይደለም። ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ። የኔዋ ከ40 በታች ነበረች። የጎን አጥንቷ ስርም ስትተነፍስ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች፤ አላስመለሳትም። እስኪነጋ መጠበቅ እንደምችል ያወቅሁት በዚህ ነው።

ይህን ደግሜ ልበለው፤ ዋናው ይኸ ነው። ልጅ ምንም መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ስትጠሩት ዝልፍልፍ ብሎ አልነቃ ካለ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ነው የሚወሰደው። ከሁለት ወር በታች ያለ ጨቅላ ደግሞ ትኩሳት ብቻውን ይበቃዋል።

ጠዋት ወሰድኳት። አንድ ሌላ ምክንያትም ነበረኝ። ለመውሊድ ኮምቦልቻ አጎቷ ቤት ሰንብታ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ቅርብ ናቸው፤ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ነው። አየሩ ግን ሌላ ነው። እኛ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ጋቢ ለብሰን ስንቀመጥ እነሱ ወደ 1,850 ሜትር ወርደው በሸሚዝ ናቸው። ከ2,000 ሜትር በታች ባለ አገር ደግሞ ወባ አለ፤ በተለይ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት። ትኩሳትን ሁሉ ኮሮና ብሎ ቤት መዝጋት ያኔ ትልቁ አደጋ ይኸው ነበር። የወባ መድኃኒት አለ፤ ምርመራውም ቀላል ነው። ልጅ ላይ ግን ወባ ከዋለ ካደረ ጊዜ አይሰጥም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ እጅ አስታጠቡን፤ ሙቀታችንን ለኩን። የሚያስሉትን ለብቻ፣ ውጪ አግዳሚ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ጣቷን ወጋ አድርገው አንድ ጠብታ ደም ወሰዱ። ብዙም አልቆየ። ነርሷ ወጥታ፣ «እናት፣ ወባ የለባትም። ሳንባዋም ደህና ነው። ጉንፋን ይመስላል፤ ኮሮናም ሊሆን ይችላል። ቤት አቆዪያት፣ ከአያቷ አርቂያት፣ ከባሰባት ተመለሺ» አለችኝ። ይኸው ነው። ማንም የትም አልወሰደን።

ምንም ካልተገኘባት መሄዱ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ቤት አስቀምጣት ስባል ወባ እንደሌለባት አውቄ ነው ያስቀመጥኳት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማቆየቱ ራሱ ቀላል አልነበረም። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የልጅ በሽታ በኮሮና ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቀለል ያለ ነበር፤ የሚፈራው ለአያቶች ነበር። ልጅቷ ደግሞ ያለ አያቷ እቅፍ አትተኛም። አማቴ በመጀመሪያው ቀን፣ «ልጄ፣ ልጅቱ ታማ እኔን ዳር አታስቀምጪኝ» አሉኝ። ለመንኳቸው። በመጨረሻ ደፉ ላይ በርጩማ አስቀመጥኩላቸው። ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠቅልለው ከዚያ ሆነው ተረት ያወሩላታል። ዱኣ ያደርጉላታል። «ዱኣ ከሩቅም ይደርሳል» ይሏት ነበር። ልጅቷ አልጋ ላይ ሆና አሚን ትላለች።

መስኮት ክፈቱ ሲባልም የደሴ ሰው ብርዱን ነው የሚያስበው። እኛ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲወጣ እንከፍት ነበር፤ ልጅቷን በጋቢ ጠቅልዬ። አየሩ ከተለወጠ በኋላ ይዘጋል። ፓራሲታሞል ሽሮፕ በክብደቷ ልክ። ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ። የተረፈ አሞክሲሲሊን ካለሽ ስጪያት ያለኝ አልጠፋም፤ አንቲባዮቲክ ግን ቫይረስ አይገድልም። ፈላ ባለ ውሃ ማጠንንም ለልጅ አትሞክሩት። ልጁ ማሰሮውን ከገለበጠው ከጉንፋኑ የባሰ ነገር ይመጣል።

አሁን ወደ ሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ጠዋት ሽሮፕ አጠጥቶ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሽሮፑ ትኩሳቱን ለጥቂት ሰዓት ያወርደዋል። በር ላይ ሙቀት ሲለካ ልጁ ደህና ነው። ረፋድ ላይ መድኃኒቱ ሲያልቅ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ ልጁ ዴስክ ላይ ይደፋል፤ አጠገቡ ያሉት ሁሉ አብረውት ተነፍሰዋል። ለዚህ ነው ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ትኩሳት ሳይመለስ እስኪቆይ ጠብቁ የሚባለው።

እናቲቱን ግን አትውቀሷት። ልጇን የማትወድ ሆና አይደለም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ዘመድ አጠገቧ የሌላት፣ በኪራይ የምትኖር ሴት ከቀረች ደመወዟ ይቆረጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የልጅ ሕመም ብሎ ለይቶ የሚሰጥ የሚከፈልበት ፈቃድ የለም። ያለው ልዩና ከባድ ነገር ሲያጋጥም ያለ ክፍያ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ ያውም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የቀን ሠራተኛዋ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ደግሞ ይህም የላትም። ያልሠራችበት ቀን ያልተበላበት ቀን ነው። ለእሷ ልጅሽን ቤት አስቀሪ ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም። ያቺን ቀን በምን ታልፋት?

የኛ ግቢ ሴቶች አንድ ነገር አድርገን ነበር። የማን ልጅ እንደታመመ በግልጽ እንናገራለን፤ መደባበቅ የለም። እንጀራና ወጥ በር ላይ ይቀመጥላታል። ኮምቦልቻ እየተመላለሰች የምትሠራዋ ጎረቤታችን ልጇ ሲታመም፣ እኔ ኮሮናው አልፎልኝ ስለነበር ቀን ቀን ማስክ አድርጌ እጠብቅላት ነበር። ሙሉ መፍትሔ አይደለም። ግን ያቺ ሴት ሽሮፕ አጠጥታ አልላከችም።

አስተማሪዎች ከሰማችሁኝ፣ ታሞ ለቀረ ልጅ ቀሪ ብላችሁ ማርክ አትቀንሱበት፤ ፈተናውን በሌላ ቀን ስጡት። ማርኩን ፈርቶ አተኩሶት የሚመጣ ልጅ ክፍሉን ሁሉ ነው የሚያሳምመው። አለቃ የሆናችሁ ደግሞ፣ ልጇ ታሞ አንድ ቀን የቀረች ሠራተኛ በሌላ ቀን ታካክሰዋለች፤ ፈረቃ እንድትለዋወጥ ፍቀዱላት። ሠራተኞችም ብትሆኑ ልጅ ከመታመሙ በፊት ነገ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ እዚህ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ልጅ ሲታመም ምን ይደረጋል በሏቸው። የተመለሰላችሁን በቴሌግራም ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ። በሉ ደህና ሁኑ።