ከበሩ 10 ሜትር፦ ለአዳማ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ባር ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። እንግዳው እናንተ ዘንድ ሁለት ሦስት ቀን ያርፍና ይሄዳል። አስተናጋጇና ባርማኑ ግን በየምሽቱ እዚያው ናቸው፤ እንግዳው ለአንድ ምሽት የሚስበውን የሰው ሲጋራ ጭስ እነሱ ዓመቱን ሙሉ ይስቡታል። ይህ ጭስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉት፤ ቢያንስ 69ኙ ካንሰር አምጪ ናቸው። ራሱ የማያጨስ ሰው በቤቱ ወይም በሥራ ቦታው ለዚህ ጭስ ከተጋለጠ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ አገልግሎት በሚሰጥ ቤት ውስጥ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስን ከልክሏል። ከበር፣ ከመስኮትና ከአየር ማስገቢያ 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስም ክልክል ነው።

«ለአጫሾች አንድ ክፍል ብንለይስ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ሕጉ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም አይሠራም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭሱ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፤ ቢራውን ይዞ የሚገባው፣ ጠረጴዛውን የሚያጸዳውም ሠራተኛችሁ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ ይመልሰዋል እንጂ ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም። ማራገቢያም ጭሱን ይበትነዋል እንጂ አያወጣውም። የአየር ማሻሻያ መርጨት ደግሞ ሽታውን ብቻ ይሸፍናል፤ በዓይን የማይታየው ብናኝ አየሩ ውስጥ ይቆያል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ መተርኮሻዎቹን ከጠረጴዛ፣ ከባንኮኒና ከመጸዳጃ ቤት ሰብስቡ፤ መተርኮሻ ያየ እንግዳ ማጨስ የተፈቀደ ይመስለዋል። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ምልክት በመግቢያው፣ በየፎቁ ደረጃና በመጸዳጃ ቤት በር ላይ ለጥፉ። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ውጡ። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የሲጋራ መጣያው በር አጠገብ ይቀመጣል፣ አጫሹ እዚያው ይቆማል፣ በአዳማ ሙቀት መስኮቱ ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለሆነ ጭሱ ተመልሶ ይገባል። መጣያውን ከየትኛውም በር፣ መስኮትና አየር ማስገቢያ 10 ሜትር አርቁት። የወጥ ቤቱን የጓሮ በር አትርሱ፤ የሚያጨሱ ሠራተኞችም የሚቆሙት እዚያ ነው።

እንግዳ ሲጋራ ሲለኩስ አስተናጋጇ በትሕትና ምልክቱን ታሳየው፣ ውጭ የት ማጨስ እንደሚችልም ትንገረው። እምቢ ካለ ክርክሩን እሷ ላይ አትተዉት፤ የፈረቃው ኃላፊ ይምጣ፣ መስተንግዶው ይቁም፣ ካስፈለገ ጥበቃው ያስወጣው። ለባለቤቱ ወዳጅ አንድ ቀን ከታለፈ ግን በማግስቱ ማንም አስተናጋጇን አይሰማትም። ስለዚህ የመጀመሪያውን «አይቻልም» ለወዳጃችሁ የምትሉት እናንተው ሁኑ፤ በየምሽቱ ፈረቃ ኃላፊው ማን እንደሆነም ዛሬውኑ ጽፋችሁ ባንኮኒው ጀርባ ለጥፉ።

አመሰግናለሁ።