የአሸንዳው ድርድር እና የዳይሬክተሩ ወንበር

እሷ፦ እሺ፣ ገባን። ቡና ይዘሃል?

እሱ፦ ይዣለሁ። ዛሬ ግን በርዕሳችን እንጀምር፣ በናትሽ። ባለፈው ግማሹን ሰዓት ስለ መኪና ጎማ ነው ያወራችሁት ብለው አምተውናል።

እሷ፦ የጎማው ነገር እኮ ጠቃሚ ነበር!

እሱ፦ ለአንቺ። እሺ፣ ርዕሳችን። በሰላምና ደህንነት ማስተርሱን የጨረሰ አድማጫችን አንድ ጥያቄ ልኮልናል። ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ውስጥ፣ ለምሳሌ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንዳቋቋሙት እንደ ካርተር ማዕከል ባለ ቦታ፣ የግጭት አፈታት ፕሮግራም ዳይሬክተር የሚባል ሰው አለ አይደል? ሰውየው ጠዋት ቢሮ ገብቶ ምንድነው የሚሠራው ነው የሚለው። እኔም ያንን መሆን እፈልጋለሁ፣ ምን መማር አለብኝ ይላል።

እሷ፦ ቆንጆ ጥያቄ። መልሱን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ግን የአሸንዳውን ነገር ልንገርህ።

እሱ፦ ይኸው! ጀመረች።

እሷ፦ አታቋርጠኝ፣ ይገናኛል። ጎረቤታችን ቤቷን አዲስ ቆርቆሮ አለበሰች፣ አሸንዳ ግን አላደረገችለትም። ሐምሌ ሲገባ ያ ሁሉ ውሃ አጥሩን ዘሎ የእማዬ ጎመን ላይ። ጎመኑ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ታየዋለህ። እማዬ ሄደች፣ ተናገረች። ሴትዮዋ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ዝናቡን እኔ አላዘነብኩት።»

እሱ፦ (ሳቅ) ኧረ ጉድ! እውነቷን ግን ነው እኮ።

እሷ፦ አንተ ከማን ጋር ነህ? ከዚያ በኋላ ሰላምታ የለም። ሁለት ዓመት። እድር ድንኳን ውስጥ አንዷ እዚህ ጥግ፣ አንዷ እዚያ ጥግ። ወጥ እንኳ የምታወጣው እሷ ከሆነች እማዬ «ጠግቤያለሁ» ትላለች።

እሱ፦ ሳትበላ?

እሷ፦ ሳትበላ! በመጨረሻ ጋሼ ገቡበት። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፣ ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ማንም አልላካቸውም፣ ዝም ብለው መጡ። እማዬ ቡና አፈላች። በአቦሉ ስለ ቆርቆሮው አወራች፣ በቶናው ስለ ሴትዮዋ ትዕቢት። በረካው ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ ወጣ። ለካ ከቆርቆሮው በፊት የሴትዮዋ እህት ስትሞት እማዬ ለቅሶ አልደረሰችም ነበር። ታማ ነበር፣ ግን «ታምሜ ነው» አላለችም። ሴትዮዋ ደግሞ ቂሟን ይዛ ቁጭ።

እሱ፦ ስለዚህ አሸንዳው አሸንዳ አልነበረም።

እሷ፦ ነበርም እንጂ፣ ጎመናችን እኮ ሞቷል። ግን ጋሼ ተነስተው ወዲያ ማዶ ሄዱና ምን አሉ? «ስለ ልጆችሽ ጠየቀችኝ፣ ናፍቀዋታል» አሉ። እማዬ እንዲህ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም! የወጣው እዚህ ፖድካስት ላይ አይባልም።

እሱ፦ ዋሹ ማለት ነው።

እሷ፦ አልዋሹም። አጣርተው አቀበሉ።

እሱ፦ ይሄማ ውሸት ነው። አንድ የድርጅት ዳይሬክተር በመንግሥትና በአማፂ መሃል ሲመላለስ ያልተባለ ነገር «ተባለ» ካለ፣ አንድ ቀን ሁለቱ ወገኖች ሲደዋወሉ አለቀለት። ያለው ሀብት እኮ መታመን ብቻ ነው። ጦር የለው፣ ማዕቀብ አይጥል።

እሷ፦ እሺ፣ «ናፍቀዋታል» የሚለው ትንሽ በዝቷል፣ እሱን እሰጥሃለሁ። ስድቡን ማስቀረት ግን ሥራው ነው። ስድቡን ተሸክሞ የሚሄድ ሰውማ ፖስተኛ ነው።

እሱ፦ ማስቀረትና መፍጠር ይለያያል።

እሷ፦ ይለያያል... ትንሽ።

እሱ፦ እሺ፣ ወደ ካርተር። ጂሚ ካርተር ማዕከሉን አትላንታ ውስጥ ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር ያቋቋሙት በፈረንጆች 1982 ነው፣ ከሥልጣን በወረዱ በዓመቱ።

እሷ፦ እኔ የምወደውን ልንገርህ? በፈረንጆች መስከረም 1989 ደርግና ሻዕቢያ አትላንታ፣ እዚያው ማዕከል ውስጥ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ከመስከረም 7 እስከ 19። አስላው እስኪ በእኛ።

እሱ፦ 7... ጳጉሜ 2?

እሷ፦ ጳጉሜ 2! 1981 አልቆ 1982 የገባው እዚያው ድርድር ላይ እያሉ ነው። ስንት ዓመት ሲዋጉ የኖሩ ሰዎች እንቁጣጣሽን አትላንታ ዋሉ። ያን ቀን ጠዋት ማን ማንን «እንኳን አደረሰህ» አለ? እኔን የሚበላኝ እሱ ነው።

እሱ፦ በየት በኩል ነው ወደዚህ የመጣሽው?

እሷ፦ ዳይሬክተሩ ይሄንን ማሰብ አለበት እያልኩህ ነው! ፎቶው ላይ ካርተር ናቸው፣ ማንም አይረሳቸውም። ጠረጴዛው ክብ ይሁን ወይስ ረጅም፣ ማን በየትኛው በር ይግባ፣ መግለጫው ላይ የማን ስም ይቅደም፣ በዓል ነውና ዛሬ እንዋል ወይስ እንቀጥል፣ ይሄን ሁሉ የሚያስብ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ያ ሰው ነው ዳይሬክተሩ።

እሱ፦ ውጤቱስ? ኅዳር ላይ ናይሮቢ ቀጠሉ፣ ታዛቢ ማን ይሁን ሲሉ ተጨቃጨቁ፣ ከዚያ ቆመ። በፈረንጆች 1990 የካቲት ላይ ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። እኔ ደግሞ የምለው፣ ካርተርን የሚያህል ስም ይዞ እንዲህ ከሆነ፣ ስም የሌለው ዳይሬክተር ምን ይሠራል?

እሷ፦ ስም አይደለም ነገሩ። ጋሼ ምን ስም አላቸው?

እሱ፦ በሰፈሩ አላቸው እኮ! ሁሉም ያውቃቸዋል። ስም ያስፈልጋል።

እሷ፦ ... እሺ፣ በሩን ያስከፍታል። ከገባህ በኋላ ግን አይጠቅምህም። ሱዳንን ውሰድ። በፈረንጆች 1995 ላይ ካርተር ካርቱምንና የደቡብ አማፂያንን ተኩስ አቁሙ አሏቸው። ለሰላም አይደለም፣ ለጊኒ ዎርም! ያ እግር ቀዶ የሚወጣው ትል። የጤና ሠራተኞች መንደር ይግቡ፣ ሕፃናት ይከተቡ ነው። 6 ወር ገደማ ቆመ። ዋናው ስምምነት የመጣው 2005 ነው፣ ከ10 ዓመት በኋላ። ግን ያ 6 ወር የትም አይሄድም። አየህ፣ «ጦርነቱን አቁሙ» ማለት አንድ ነገር ነው፣ «ትሉን እናውጣ» ማለት ሌላ። ሁለተኛውን እንቢ ማለት ያሳፍራል።

እሱ፦ እሱን ወደድኩት። የገንዘቡስ ጉዳይ?

እሷ፦ እሱን አትጠይቀኝ። የዳይሬክተሩ ግማሽ ቀን የሚያልቀው ከገንዘብ ለጋሽ ጋር ነው። ፕሮፖዛል፣ ሪፖርት፣ በጀት። ለጋሹ ደግሞ «ስንት ስምምነት ተፈረመ?» ይላል። ጋሼ ሎግፍሬም፣ ያን የለጋሾች የዕቅድና የውጤት ሠንጠረዥ፣ ሲሞሉ አስበው።

እሱ፦ (ሳቅ) «የተጠጣ ቡና ብዛት፦ 9 ስኒ።»

እሷ፦ «የተቀነሰ ስድብ፦ አይቆጠርም!»

እሱ፦ ልጁ ግን ምን መማር አለብኝ ነው ያለው። የካርተርን ፕሮግራም በፈረንጆች ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት የመሩት ሃራየር ባሊያን የሕግ ሰው ናቸው። ሰላም ያጠና ሁሉ እዚያ ይደርሳል ማለት አይደለም። ሕግም፣ ሌላም መንገድ አለ። መስክ ላይ መቆየት ግን የግድ ይመስለኛል።

እሷ፦ ቡናም የግድ ነው።

እሱ፦ አንቺ ሁሉንም ወደ ቡና... ቆይ፣ ይሄን ሳትነግሪኝ አትሂጂ። አሸንዳው ተሠራ?

እሷ፦ የቱ?

እሱ፦ አሸንዳው! ግማሽ ሰዓት ያወራንበት።

እሷ፦ ኧረ አልተሠራም። እማዬ ጎመኑን ወደ ማዶው ጥግ አዛወረችው። ሴትዮዋ አሁን እየመጣች ትቀነጥሳለች፣ ሳታስፈቅድ ሁላ።

እሱ፦ ውሃውስ?

እሷ፦ ይወርዳላ። ትናንትና ማታ ራሱ ሲወርድ አደረ።